በውሃ የማይለቀው ቅባት

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ፀሐይዋ ግድግዳው ሥር ናት፤ እዚያ ጥላው ውስጥ ምን ትሠራላችሁ? ታኅሣሥ ገባ። ይህ ከተራራው የሚወርደው ደረቅ ነፋስ ከንፈር የሚያቆስልበት፣ ተረከዝ የሚሰነጥቅበት ወር ነው። እጃችሁን አምጡ ልየው። አዬ ጉድ! የልጅ እጅ ነው ይሄ ወይስ የግራር ቅርፊት? በሉ፣ እኔ እየቀባኋችሁ ስለ ሸህ ኑርዬ ልንገራችሁ፤ ስለ ሸህ ኑርዬና ስለ ልጃቸው ስለ ጦይባ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የማወራችሁ ከእናቶቼ የሰማሁትን ነው። ከሳትኩ አላህ ይማረኝ፣ እናንተም አውፍ በሉኝ።

ደጋና ቆላ ከሚገናኙበት ገመገም ላይ አንዲት የጥንት ከተማ ነበረች። ስሟን ብትጠይቁኝ አልናገርም፤ ሁሉም የኔ አገር ናት ይላልና ከማንም መጣላት አልፈልግም። በዚያች ከተማ ከትልቁ መስጊድ አጥር ጋር የተለጠፈች አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች፤ የሸህ ኑርዬ ሱቅ። ሸህ ኑርዬ ጠዋት ጠዋት ልጆችን ቁርኣን ያቀራሉ፣ ረፋዱ ላይ ሱቃቸውን ከፍተው ዘይት ይሸጣሉ። የሰሊጥ፣ የኑግ፣ የሱፍ፣ የጉሎ፤ ከእህልና ከፍሬ የሚጨመቅ ሁሉ እሳቸው ዘንድ አለ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ጆሮ ካልሰጧቸው የማይሰሙ ሽማግሌ ነበሩ። ዘይት ሲሰፍሩ የመስፈሪያውን ጠርዝ በጣታቸው ጠርገው፣ ጣታቸው ላይ የቀረችውን ጠብታ ሳይቀር ወደ ገዢው ዕቃ ያንጠባጥባሉ። ሰው ይስቅባቸው ነበር። እሳቸው ግን፣ «ጠብታዋ የሱ ናት፤ ጣቴ ብቻ ነው የኔ» ይላሉ።

ከሁሉ በላይ የታወቁት በቅባታቸው ነው። ተልባ ለብ ባለ ውሃ ይነክራሉ። ተልባው ልጋጉን ይተፋል። ያን የሚዝለገለግ ነገር በስስ ነጠላ ያጠልሉና ከሰሊጥ ዘይት ጋር ይመቱታል፤ ሲመታ ሲመታ ይነጣል፣ ይወፍራል፣ እርጎ ይመስላል። የተሰነጠቀ እጅ ላይ ሲያርፍ ቀዝቀዝ ብሎ ሕመሙን ያስረሳል።

ጦይባ አንድ ልጃቸው ናት። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ዳሯት። ሰባት ዓመት ትዳር ኖራ፣ ልጅ አልወለድሽም ተብላ፣ ልብሷን በአንዲት ቋጠሮ ይዛ ተመለሰች። እናቷ በሕይወት የለችም፤ በሩን የከፈቱላት አባቷ ናቸው። ለምን መጣሽ የለ፣ ምን አደረጉሽ የለ። ቋጠሮዋን ከትከሻዋ አወረዱና፣ «እሰይ! ተልባ የሚያጠልልልኝ አጥቼ እጄ ዝሎ ነበር» አሏት። እያለቀሰች ሳቀች።

የከተማው ሰው ግን ስም አወጣላት። «ተመላሿ» አላት። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ ተመላሿ መጣች። ሰርግ ቤት ስትገባ፣ ተመላሿ ከሙሽራዋ ራቅ ትበል። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚጠራላት ከአባቷ በቀር አልነበረም። እንዲህ ሆና ሦስት ዓመት ተቀመጠች፤ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እማ ሲቲ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። በዕድሜ የሚስተካከላቸው የለም፤ ሸህ ኑርዬን እንኳ በሕፃንነቱ አዝዬዋለሁ የሚሉ ናቸው። አንድ የኅዳር ቀን ምርኩዛቸውን እየቀጠቀጡ ሱቁ ደጃፍ ደረሱ።

«አንተ ኑርዬ!»

«አቤት እማ።»

«ቅባትህስ ደግ ነበር። ዕድሜው ግን ከንጋት ሱብሒ እስከ ቀትር ዙህር ነው! ተቀባሁት፣ ውዱእ አደረግኩ፣ ሄደ። ደግሞ ተቀባሁት፣ ውዱእ፣ ሄደ። እኔ የምቀባው ተረከዜን ነው ወይስ የመስጊዱን ድንጋይ?»

«ምን ላድርግ እማ፣ ተልባ ነው፤ ውሃ ይወስደዋል።»

«ታዲያ ውሃ የማይወስደው አታበጅም? ይኸው ሽበትህ፣ ይኸው ዕውቀትህ!»

እውነታቸውን ነበር። ለሶላት ውዱእ ሲደረግ በቀን አምስቴ በዚያ በረዶ ውሃ የሚታጠብ እጅና እግር፣ ነፋሱ ሲያገኘው እንደ ሐምሌ ጭቃ በመስከረም ይሰነጠቃል። ቅባቱ ደግሞ ሥራውን ሳይጀምር ይታጠባል። ጦይባ ይህን ሁሉ ከሱቁ ጀርባ ከጆንያዎቹ ኋላ ሆና ሰማች፤ ሰምታም አልተኛችለትም።

ከቤታቸው ማዶ ኮርቻ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ጦይባ ከልጅነቷ ጀምሮ ታያቸዋለች፤ የተልባ ዘይት አፍልተው፣ የጥድ ሙጫ ጨምረው፣ ቆዳውን ይለቀልቁታል። ያ ኮርቻ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ቢወርድበት ንቅንቅ አይልም። ኮርቻ ላይ የሚቆይ፣ ተረከዝ ላይ ለምን አይቆይም? አለች በሆዷ። የተልባውን ዘይት ክር እስኪያወጣ ቀስ ባለ እሳት አበሰለችው። የጥድ ሙጫ ወቅጣ፣ በወንፊት ነፍታ ጨመረች። አንዴ ደርቆ ድንጋይ ሆነባት፤ አንዴ ቀጥኖ ፈሰሰባት፤ አንዴ እሳቱ አምልጧት የራስ መሸፈኛዋን ጫፍ አቃጠለው። አባቷ፣ «ቤቱን ብቻ አትርፊልኝ» እያሉ ያልፋሉ። በመጨረሻ የሰሊጥ ዘይት አብዝታ አለሰለሰችው፣ አሪቲ ቀጥቅጣ መልካም ሽታ ሰጠችው። እንደ ማር የሚለጠጥ፣ ሲቀቡት የሚያብረቀርቅ፣ ንቃቃቱን ዘግቶ ሦስትና አራት ቀን የማይነቃነቅ ቅባት ወጣላት።

ወላሂ ከተማዋ አበደች! በትንንሽ ቅል እየሞላች ብታወጣ ብታወጣ አልዳረስ አላት። የቃዲው ሚስት ወሰደች፣ የሙአዚኑ እናት ወሰደች፣ የቆላ ነጋዴዎች ለሚስቶቻቸው ወሰዱ። እማ ሲቲ ጫማቸውን አውልቀው ተረከዛቸውን ለመንገደኛው ሁሉ ያሳያሉ። «እዩት! የሙሽራ ተረከዝ! እሜት ጦይባ ናት የሠራችልኝ!»

እሜት ጦይባ። ሰማችሁ? ተመላሿ መባል ቀረ። ሴቶች እየመጡ ከፊቷ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ዘረጉላት፣ የልባቸውን አወሩላት። ሰርግ ቤት የሙሽራዋን እግር የምትቀባው እሷ ሆነች። ዓይኗ ከመሬት ተነሣ። ዕቃቸውን አሞግሰው የማያውቁት ሸህ ኑርዬ እንኳ በሰኞ ገበያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «በውሃ የማይለቀው! የልጄ እጅ ሥራ!» ሲሉ ተሰሙ። ያን ቀን ጦይባ ጉንጮቿ እንደጋሙ ቤቷ ደረሰች።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት አለፈ።

አንድ ረቡዕ የዐስር ሶላት ሲቃረብ፣ ጦይባ በግቢያቸው ለአባቷ በኩስኩስት ውሃ ታፈስላቸዋለች። ወገባቸው እንደ ልብ ስለማይታጠፍ ተረከዛቸውን የቀባችላቸው እሷ ናት። እጃቸውን ታጠቡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ እግራቸው ላይ ደረሱ። ውሃው ተረከዛቸው ላይ ሲያርፍ ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ጠብታ ጠብታ ሆነና ተንከባሎ ወረደ።

ሸህ ኑርዬ ጎንበስ አሉ። «ጨምሪልኝ።»

ጨመረች። ተንከባሎ ወረደ።

በአውራ ጣታቸው ጥፍር ተረከዛቸውን ፋቅ አደረጉት። የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ስስ ነገር ተገሸለጠ። ከሥሩ ያለው ገላ ደረቅ ነበር። ቅንጣት እርጥበት የለውም። ሸህ ኑርዬ ያችን ልጣጭ በጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አነሷት፤ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ጦይባ፣ ከቀባሽኝ ስንት ቀን ሆነው?»

«ስምንት ቀን፣ አባ።»

«ስምንት ቀን» አሉ። ውሃ ገላን ካልነካ ውዱእ የታለ? ውዱእ ከሌለ ሶላቱ የታለ? እኚህ ሰው ተረከዛችሁን እሹ፣ በጣቶቻችሁ መሀል ውሃ አስገቡ እያሉ የስንቱን ሰው ልጅ ያስተማሩ ናቸው። ከተማው ሙሉ ሦስት ሳምንት ሙጫ ለብሶ ሲሰግድ ኖሯል። የሚገርመው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ሰው እንኳ ነገሩ አልመጣለትም። በውሃ አይለቅም ብለው ያመሰገኑበት አፋቸው እኮ በሽታውን ይናገር ነበር!

ተረከዛቸውን በሞቀ ዘይት አስለቅቀው፣ እንደገና ታጥበው ሰገዱ። ሰግደው ሲጨርሱ ምርኩዛቸውን አነሡ።

«ወዴት ነው አባ?»

«መስጊድ። የመግሪብ ሶላት ሳይገባ ለሰው ልንገር።»

ጦይባ የጋቢያቸውን ጫፍ ያዘች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ይዛቸው አታውቅም።

«አባ፣ ዛሬ አይናገሩ። አንድ ቀን ብቻ።»

«አንድ ቀን ምን ይሆንሻል ልጄ?»

«አንድ ቀን ደግሞ እሜት ጦይባ ልባል። ከዚያ እንደፈለጉ ያድርጉኝ።»

ሸህ ኑርዬ ቆመው አዩዋት። ሹም ተቆጥቷቸው፣ ሀብታም ለምኗቸው ከያዙት ነገር ፈቀቅ ብለው የማያውቁ ሰው፣ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ሐሙስ ሱቁ ተዘግቶ ዋለ። ሸህ ኑርዬ በየሶላቱ ወቅት መስጊድ ይሄዳሉ፣ በየወቅቱ ፊታቸው ጠቁሮ ይመለሳሉ፤ እዚያ ሰው ሲታጠብ እያዩ ዝም ብለዋላ! ምሳ ብታቀርብላቸው አልነኩም። ጦይባም ያች የለመነቻት ቀን ምን እንደምትጥም አላወቀችም። ሦስት ሴቶች መጥተው እሜት ጦይባ እያሉ ቅባት ጠየቋት። አልቋል አለቻቸው። ስሟን ሲጠሯት ጆሮዋን ያቃጥላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሙህዬ መጡ። የሸህ ኑርዬ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ሆዳም፣ ሳቂታ፣ ደግ ሰው። ሱቁ ተዘግቶ ቢያዩ ታመመ ብለው ነው የሮጡት። ሸህ ኑርዬ ነገሩን ሁሉ ነገሯቸው። ጦይባ ከጓዳ ትሰማለች።

«ሱብሓነላህ!» አሉ ሐጂ ሙህዬ፤ እግራቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው አዩት። እሳቸውም ያበራሉ። «አንተ ኑርዬ፣ እኔ እኮ በዚህ እግር ለዝናብ ዱዓ አድርጌአለሁ!»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ዝም ይሻላል። ስማኝ፤ ሰዉ አላወቀም፤ ያላወቀን ሰው አላህ አይዘውም። መሸጡን አቁም፣ ቅባቱ በሳምንት በራሱ ተላጦ ያልቃል፣ ማንም ሳያዝን ማንም ሳይሰደብ ያልፋል። ልጅቱንስ አታስብም? ቀና ያለች ገና አሁን ነው።»

ሸህ ኑርዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሙህዬ፣ ሶላቱ የኔ ቢሆን ዝም እል ነበር። የሰው ነው። አማና ነው፣ አደራ።»

«ሱቅህ ይዘጋል።»

«ይዘጋ።»

«ይስቁብሃል።»

«ይሳቁ። ነገ ጁምዓ ነው ሙህዬ። እነሱ ሳያውቁ ነው። እኔ ግን እያወቅሁ አጠገባቸው ቆሜ አላሁ አክበር ልል ነው? በምን አፌ?»

ሐጂ ሙህዬ ተነሡ። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «ለማስለቀቂያው ዘይት ቢያንስህ እኔ ቤት አለ» አሉ። ይኸው ነው ጓደኛ!

ጦይባ ተነሣች። ለማጠቢያ የሚሆነውን እንዶድ ከከረጢቱ አወጣች፣ ሙቀጫው ውስጥ ጨመረች፣ ትወቅጥ ጀመር። ሸህ ኑርዬ የሙቀጫውን ድምፅ ሰምተው ወደ ጓዳ ብቅ አሉ።

«ስምሽን አልጠራም» አሏት። «ቅባቱ ከቤቴ ወጣ ብቻ እላለሁ። ይህ ውሸት አይደለም።»

«እንደገና ተመላሿ ልሆን ነው አባ።»

«ለኔ የተመለስሽልኝ አንዴ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ሌላው የሰው አፍ ነው።»

ጁምዓ ቀን ጠዋት ሸህ ኑርዬ የሱቃቸውን የሰሊጥ ዘይት እንስራ በእንስራ ወደ መስጊዱ ግቢ አስወጡት፤ የዓመቱን ሁሉ። በትልልቅ ድስት ውሃ ተጣደ። የሚገባው ሰው ሁሉ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሰደቃ ነው? ይላል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ ከሰሌን መጋረጃ ወዲያ ሞሉ። ቃዲ ጀውሐር የጁምዓውን ስብከት፣ ኹጥባውን ሊያደርጉ ሲነሡ፣ ሸህ ኑርዬ ጠጋ ብለው ፈቃድ ጠየቁና ቆሙ። ያን ቀን ድምፃቸው እስከ መጨረሻው አጥር ተሰማ።

«ጀመዓ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ከቤቴ ወጥቶ የተቀባችሁት ቅባት፣ ውሃ ገላችሁን እንዳይነካ ይከለክላል። ውዱኣችሁ አልደረሰም። አውፍ በሉኝ። ዘይቱና እንዶዱ ይኸው፤ አስለቅቄአችሁ ልስገድ።»

ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ተረከዙን ፋቀ! ከዚያማ ምን ልበላችሁ፤ ንብ የገባበት ይመስል ግቢው ተተራመሰ። መሀል ላይ የቅቤ ነጋዴው ሸምሱ ተነሣ። ቅባቱ ከመጣ ወዲህ ቅቤው የማይነካለት ሰው ነው።

«እኔ ድሮም ብያለሁ! ሰው ገላውን የሚቀባው በቅቤ ነው፤ ተልባ ለምግብ ነው! ሸህ ኑርዬ፣ ውሃ እንደሚከለክል አውቀህ ነው የሸጥክልን?»

«አላወቅሁም።»

«መቼ አወቅህ?»

«ረቡዕ፣ ዐስር ላይ።»

«ረቡዕ!» ሸምሱ ወደ ሰዉ ዞረ። «ሰማችሁ? ዛሬ ጁምዓ ነው። ሐሙስ አምስት ወቅት ከኛ ጋር ቆመህ ሰገድክ። ሐሙስ ለምን አልተናገርክም?»

ሸህ ኑርዬ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐሙስ ፈራሁ» አሉ። «ያች ቀን ወንጀሌ ናት።»

«ሽማግሌ! ይህ ነው ልጆቻችንን የሚያቀራ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሌላውም ተቀበለው። መከላከያ የሆነች አንዲት ቃል፣ የልጃቸው ልመና፣ በሸህ ኑርዬ አፍ ላይ ነበረች፤ ዋጧት።

ጦይባ ከሰሌኑ ወዲያ ተቀምጣ ይህን ትሰማለች። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ያልተጠራውን ስም አላነሡም፤ ዝም ብትል ምናልባት ይረሷት ነበር። ቅባቱ የሷ ቢሆንም ሙጫውን ያመጣው አባትየው ነው ብለው ያልፉ ነበር። ግን ያች ሐሙስ የማን ነበረች? የሷ ነበረች። ለምና የወሰደቻት፣ ሳትጥማት የመሸች ቀን። አባቷ ግን እሷን ተሸክመው ስድብ እየጠጡ ነው።

ተነሣች። ሰሌኑን በእጇ ገለጥ አድርጋ ቆመች።

«ሙጫውን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሐሙስንም የለመንኩት እኔ ነኝ። አባቴ ረቡዕ ሊነግራችሁ ተነሥተው ነበር፤ ጋቢያቸውን ይዤ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። ተመላሿ ነኝ። የምትሰድቡትን እኔን ስደቡ።»

ወዲያው የእማ ሲቲ ምርኩዝ መሬቱን ሲመታ ተሰማ።

«አንቺ ልጅ! ወዲህ ነይ!»

ጦይባ ሄደች። ሰው ሁሉ በምርኩዙ ሊሏት ነው ብሎ ጠበቀ። እማ ሲቲ ምርኩዛቸውን አስቀምጠው እግራቸውን ዘረጉላት።

«የኔን መጀመሪያ ፍቂልኝ፣ ጁምዓ እንዳያልፈኝ። አየሽ፣ የሦስት ሳምንት ሶላት እንደ አዲስ ልሰግድ፣ ቀዷ ነው ያሸከምሽኝ! አንቺም ከጎኔ ሆነሽ ነው የምታወጪው። ስወድቅ ታነሽኛለሽ፣ ረከዓ ስረሳ ትቆጥሪልኛለሽ፤ አላመልጥሽም። በይ ተመላሿ ምናምን የምትይውን ትተሽ ዘይቱን አሙቂ፣ እሜት ጦይባ!»

ሴቶቹ ከት ብለው ሳቁ። ሳቁ በሰሌኑ አልፎ ወንዶቹ ጋ ደረሰ። ቃዲ ጀውሐርም ተነሡ። «ያላወቀ ሰው ላይ አላህ አዛኝ ነው» አሉ። «ከአሁን ወዲያ ግን አውቀናል። እኔ የተቀባሁባቸውን ቀናት ሶላት ቀዷ አወጣለሁ፤ የተቀባችሁም እንዲሁ አድርጉ። ለዛሬው፣ የጁምዓ ወቅት እስከ ዐስር ሶላት ነው፤ እንጠብቃለን። ሸህ ኑርዬ፣ እግሬ ይኸው።»

ሸህ ኑርዬ ያን አልታጠፍ የሚል ወገባቸውን አጠፉ። ተንበርክከው ዘይት እየቀቡ፣ በእንዶድ እያጠቡ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ተሻገሩ። የሰደባቸውን አጠቡ፣ ያመሰገናቸውን አጠቡ። ሸምሱ ወረፋው ሲደርስ ጫማዬን አላወልቅም አለ። ኋላ ጎትጉተውት አወለቀ፤ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የቅቤ ነጋዴው ተረከዝ እንደ መስታወት ያበራል! ሚስቱ በስውር የገዛችውን በስውር ተቀብቶ ኖሯል። ሸህ ኑርዬ አላሳቁበትም። ማንም ሳያይ ጋቢያቸውን እግሩ ላይ ጣል አድርገው ከሥሩ አጠቡለት። እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ ሸምሱ ራሱ ነው በስተርጅናው እያለቀሰ ለልጆቹ ያወራው።

የዚያን ቀን ጁምዓ የተሰገደው ዐስር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሰግደው ሲመለሱ ጦይባ አባቷን በክንዳቸው ደግፋ፣ ቀስ እያሉ ሄዱ።

«አባ» አለቻቸው፣ «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማፈር አልከበደዎትም?»

ሸህ ኑርዬ ቆም አሉ። «ያፈርኩት አንድ ጁምዓ ነው ልጄ። ዝም ብል ኖሮ፣ በፍርዱ ቀን፣ ቂያማ ላይ ይህን ሁሉ ሰው ይዤ ነበር የማፍረው።»

እኔ ይህን ቃል ስንት ጊዜ አሰብኩት መሰላችሁ። ብዙ ሰው ሸህ ኑርዬን የሚያነሣው ስለ ጁምዓዋ ነው። እኔ ግን የምወዳቸው ስለ ሐሙሷም ነው። እንደ መላእክት ቢሆኑማ ምን እማርባቸው ነበር? ለልጃቸው ሲሉ አንድ ቀን ደከሙ፤ የደከሙባትንም ቀን አልሸሸጓትም፣ ፈራሁ አሉ። ሰው ጥፋቱን ሲናገር ብዙ ጊዜ ትልቁን ይናገርና ትንሿን በኪሱ ያስቀራል። እሳቸው ትንሿንም አውጥተው ሰጡ። እሷን ሲያወጡ ነው ልጃቸውም የቆመችው። ደግሞ እዩ፣ የገዛ እጃችን ሥራ ሲያምርልንና ሰው ሲያወድሰን፣ ያኔ ነው ጎንበስ ብሎ ተረከዝን ማየት። ዱዓዬ ይህ ነው፤ አላህ ጎንበስ የሚል ወገብ ይስጣችሁ።

ያ ታኅሣሥ መስጊዱ ቀዷ በሚያወጣ ሰው እንደ ረመዳን ሞልቶ ከረመ። እማ ሲቲ የቀዷቸውን ጨርሰው፣ ከረመዳን በፊት ባለው በሻዕባን ወር በሰላም ሞቱ፤ ያጠቧቸው ጦይባና የቃዲው ሚስት ናቸው። የተረፈው ቅባት ለመስጊዱ በር እንጨት ተቀባ፤ ዝናብ አልበገረውም ይላሉ። ሸምሱ ቅቤውን አልተወም፣ ግን ከጎኑ ሰሊጥ መሸጥ ጀመረ፤ ዘይቱንም ከሸህ ኑርዬ ይገዛ ነበር። ሐጂ ሙህዬ ሁለተኛ ሐጅ አድርገው እዚያው በተባረከው አገር ቀሩ። ሸህ ኑርዬ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖሩ፤ እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ልጆች አቀሩ። ጦይባ አላገባችም። ወደ ተልባው ቅባት ተመልሳ፣ ከማታው ዒሻ ሶላት በኋላ የሚቀቡት፣ ለንጋቱ ሱብሒ ሲታጠቡ የሚለቅ አደረገችው። ለብዙ ሴቶች ልጆች ሥራውን አስተማረች፤ አንዷ የእናቴ እናት ናት። አርጅታ ሞተች፣ ከአባቷ ጎን ተቀበረች።